ስልክ የተገዘተበት ክረምት

እናቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኮረብታው ትከሻ ላይ ወጥታ ከወንድሜ ጋር በስልክ ስታወራ፣ መጀመሪያ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። የሚያያት ይመስላታል። ስልኩንም ጆሮዋ ላይ አትለጥፈውም፤ ከፊቷ ይዛ ትጮህበታለች። ቀስ ብለሽ ብታወሪም ይሰማሻል ስላት መተማ ሩቅ ነው ብላ ትቆጣኛለች። የፊዚክስ አስተማሪ መሆኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ለእሷ ምንም አልነበረም።

ያን ጊዜ መንደራችን ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ከጅጋ ወደ ቋሪት አቅጣጫ በእግር ተሂዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከኮረብታው ጀርባ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ነው የእኛ አገር። የጅጋን የስልክ ምሰሶ ኮረብታው ይጋርድብናል። ስልክ ያለው ሰው፣ እሱም ጥቂት ነበር፣ መደወል ሲፈልግ ትከሻው ላይ ካለችው ሾላ ሥር ይወጣል። እሑድ ከሾላዋ ሥር የሚሆነው ግርግር ገበያ ያስንቅ ነበር። አንዱ የበርበሬ ዋጋ ይጠይቃል፣ አንዱ አዲስ አበባ ካለች እኅቱ ጋር ይጣላል፣ ሁሉም የሁሉንም ጉዳይ ይሰማል። ለመንደራችን ሐሜተኞች ትልቅ የሥራ ማቅለያ ሆኖላቸው ነበር።

ወንድሜ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣለትም፤ የመሬት ሽግሽጉ ሲደረግ ደግሞ ገና ሕፃን ስለነበር መሬት አልደረሰውም። እንደ እሱ ላለ ወጣት ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ ቡሬ ሄዶ የቀን ሥራ መፈለግ፣ ወይ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ማረም። ቡሬን ሞክሮት ነበር። በግንቦት መጨረሻ መተማ ልሂድ ሲል እናቴ እሑድ እሑድ ሊደውልላት ቃል አስገብታ ለቀቀችው። ከእኛ መንደር አብሮት የሄደ ሰው አልነበረም። የራሱ ስልክም አልነበረውም፤ ከሠራተኞቹ አለቃ ከካቦውም ከጓደኛም እየለመነ በየሳምንቱ በሌላ ቁጥር ይደውላል። እሷም ሾላዋ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ ሳምንቷን የምትቆጥረው በዚያች ሰዓት ነበር።

እሱ ከሄደ ትንሽ ቆይቶ፣ ሰኔ ሲገባ፣ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። የመንግሥት በጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ካልወጣ ስለሚመለስ፣ በአገራችን ብዙ ነገር የሚጀመረው በሰኔ ነው፤ ዝናቡም አብሮ ይጀምራል። አንድ ጠና ያሉ ምሁር፣ ዶክተሩ የምንላቸው፣ እና ሁለት ወጣት ረዳቶች ናቸው። ከሰማይ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ የሚያዳምጥ ትልቅ መሣሪያ ወደፊት የሚተከልበት ቦታ ይፈልጋሉ። ፍኖተ ሰላም እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት መጥተው ሲጠይቁ፣ ርእሰ መምህሩ የዚያ አካባቢ ልጅ መሆኔን ነገራቸው፤ እኔም መሪ ሆኜ አብሬ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዋክብትና በመካከላቸው ያለው ጋዝ ከብርሃን ሌላ የራዲዮ ሞገድ ይልካሉ። እኛ ጋ ሲደርስ ግን እጅግ ስለሚደክም አጠገቡ አንድ የእጅ ስልክ ከተከፈተ ይውጠዋል። ተማሪዎቼን ገበያ መሀል ቆሞ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ እንደ ማዳመጥ ነው እላቸው ነበር። ስለዚህ ሰዎቹ የሚፈልጉት ሞገድ የሌለበት ጉድጓድ ነው። ኮረብታው የጅጋን ምሰሶ መጋረዱ፣ እኛ ስንረግመው የኖርነው ነገር፣ ለእነሱ ጸጋ ሆነ።

ደስ አለኝ። ከደስታም አልፎ ኮራሁ። ለዓመታት ሞገድ የሚባለውን በጠመኔ እየሳልኩ ሳስተምር በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ከሾላዋ ቁልቁል ባለው የግጦሽ መሬት ላይ አንቴናቸውን ተክለው ላፕቶፑን ሲከፍቱት፣ አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርግቶ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ዶክተሩ በጣታቸው አንዷን ጉብታ አሳይተው ይህቺ ከሰማይ የመጣች ናት አሉኝ። እንባዬ መጣ። በዚያ መካከል ከበላያችን ሾላዋ ሥር አንድ ሰው ስልኩን ከፈተ፤ ስክሪኑ በሙሉ ሹል በሹል ሆነ፣ ጉብታዋም ጠፋች።

ዶክተሩ ለቀበሌው ሊቀመንበር ነገሩት። ሊቀመንበሩም በአንድ ለአምስት ሰዉን ሰብስቦ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ማንም ስልክ እንዳይከፍት አስወሰነ። ሁሉም እጁን አወጣ። እጅ ማውጣት በዚያን ዘመን የለመድነው ስፖርት ነበር። እሑድ ሲደርስ ሾላዋ ሥር ያው እንደ ወትሮው ጢም አለ፤ ከተቀመጡት አንዱ ሊቀመንበሩ ራሱ ነው።

ይህን የሰሙት የነፍስ አባታችን ናቸው። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ እናቴ ያለ እሳቸው ምክር ጥጃ እንኳ አትሸጥም። አንድ ቀን በምርኩዛቸው ወደ ግጦሹ ወርደው ዶክተሩን ምን እንደሚያዳምጡ ጠየቋቸው። ዶክተሩም ሰው ሳይፈጠር ከሰማይ የተነሳ፣ እስካሁን በመንገድ ላይ የቆየ ነገር እንደሆነ ነገሯቸው። አባ አንቴናውን እየዞሩ ተመለከቱት። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ደጀ ሰላሙ ላይ አቆሙና፣ የእነዚህ ሰዎች ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ከወንዙ ወዲህ ስልክ የከፈተ የተለየ ይሁን ብለው ገዘቱ።

ያን ዕለት ሾላዋ ሥር ማንም አልወጣም። ሊቀመንበሩም አልወጣም።

ዶክተሩ ስክሪናቸው ላይ ያን ጸጥታ ሲያዩ እንደ ሕፃን ፈነጠዙ። በየአገሩ ብዙ ቦታ ለክተዋል፤ ሕግ ያላቸው፣ አጥርም ያላቸው ቦታዎች አይተዋል፤ እንዲህ ዝም ያለ ሕዝብ ግን አላየሁም አሉ። እኔ ግን ሰጋሁ። የተገዘተ ነገር እንደ ቀበሌ ውሳኔ ተረስቶ እንደማይቀር አውቃለሁ።

"ዶክተር፣ ሥራው አልቋል ብለው በአፍዎ እስኪነግሯቸው ድረስ አባ አይፈቱትም" አልኳቸው።

"እነግራቸዋለኋ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ።

እናቴ ስልኩን እንድትዘጋ የመዝጊያውን ቁልፍ ያሳየኋት ያን ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ ተዘግቶ አያውቅም። ፊቷ ጠቆረ፤ ግን አልተከራከረችም። ስልኩን ለእኔ ስጪኝ፣ ፍኖተ ሰላም ወስጄ ሲደውል ልንገረው ብላት እምቢ አለች። የልጇ ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ይመስላታል መሰለኝ፤ ከጉያዋ አላወጣችውም። ደውሎባቸው የነበሩትን ቁጥሮች ግን ገልብጬ ከተማ ስገባ ሞከርኳቸው። አንዱ ዝግ ነው። አንዱን ያነሳው ሰው ልጁ ወደ ሌላ እርሻ ተሻግሯል አለኝ።

ስልኩ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ነበር ጉዱ የመጣው። አረንጓዴው መስመር ላይ አንዲት ሹል እንደገና ብቅ ማለት ጀመረች። ትነሳለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ እየደከመች ትጠፋለች፤ ደግሞ ሌላ ትተካለች። ከወጣት ረዳቶቹ አንዱ ሰዉ ተደብቆ ስልክ ይከፍታል ብሎ ለሊቀመንበሩ ነገረ። ሊቀመንበሩም የራሱን ጥፋት የሚያሳብብበት ስላገኘ፣ ቀድሞ በስልኩ ዘፈን ሲያሰማ ይውል የነበረ አንድ ልጅ እግር አስጠርቶ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አስቀምጦ አዋለው። ልጁ ግዝት አላፈረስኩም እያለ ሲያለቅስ በመስኮቱ ይሰማ ነበር። እናቱ ደጅ ቁጭ ብላ ነበር፤ እሷን ሳይ ወደ አንቴናው መመለስ አፈርኩ።

ዶክተሩ ሹሏ የምትመጣበትን ሰዓት ሲያስተያዩ ቆይተው፣ መንደሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ባለበትም ሰዓት እንደምትመጣ ደረሱበት። ሳተላይት ነበረች። ለመርከበኛና ለበረሃ ተጓዥ ስልክ የሚያገናኙ ሳተላይቶች በላያችን ያልፋሉ። በዓለም ስምምነት ሰማይን ለሚያዳምጡ ሰዎች ብቻ የተከለለ የሞገድ ክልል አለ፤ የሳተላይቶቹ ክልል አጠገቡ ነው። ግን ሞገዳቸው ከክልላቸው ይፈሳል። መስኖ የሚያጠጣ ጎረቤት ቦዩ ሲሞላበት በሰው ማሳ ላይ እንደሚለቀው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ጎረቤትህን ሄደህ ታናግረዋለህ።

ልጁን አስፈቱት፤ ዶክተሩም ይቅርታ ጠየቁት። ከዚያ በኋላ ግን ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር አመጡ። በመስከረም ውጭ አገር ትልቅ ስብሰባ አላቸው። ባለሳተላይቶቹ ሁልጊዜ የሚመልሱት አንድ ነገር ነው አሉኝ፤ ረብሻው ከእናንተው ከምድር ነው ይላሉ። አሁን ምድሩ ፈጽሞ ዝም ያለበት ቦታ ተገኝቷል። መሣሪያው በፀሐይ ኃይል እየሠራ፣ ዘበኛ ተቀጥሮለት ክረምቱን ሙሉ ይቀዳል፤ በመስከረም ያን ይዘው ይሟገታሉ። አንድ ስልክ ከተከፈተ ግን ማስረጃው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ይኸው የገበሬዎቻችሁ ስልክ ነው ይሏቸዋል።

ትክክል ነበሩ። ዛሬም ትክክል ነበሩ እላለሁ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ለእናቴ ብቻ አንድ እሑድ ይፈቀድላት ብዬ ለመንኳቸው። አሰቡበት፣ አዘኑም፤ እስከ መስከረም ብቻ ትታገስ አሉኝ። አባ ደግሞ ለአንዷ ፈትቼ ለሌላው ላስር አልችልም አሉ። ለእናቴ ስነግራት ግዝት ግዝት ነው አለችና ወሬውን ዘጋችው።

ሐምሌ ሲገባ ባሕር ዳር ሄድኩ። መምህራን በክረምት ዲግሪ የምናሻሽልበት ትምህርት ነበር። ወንዙ ሞልቷል፤ የመንደራችን ሰው ጅጋ ለመውረድ ውኃው የሚጎድልበትን ቀን ይጠብቃል። ትምህርቱ ላይ ልቤ አልነበረም፤ ወንድሜ የእኔን ቁጥር ስለሚያውቅ ይደውልልኛል እያልኩ ስልኬን ከእጄ አላወርድም ነበር።

ደወለ። ከክፍል እየወጣሁ ነበር።

"እታለም፣ እማ ምን ሆናለች?" አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

ደኅና ናት አልኩት። እሑድ በመጣ ቁጥር ስልኳ ዝግ ነው አለ። አዎ፣ ዘግታው ነው አልኩት። እናታችን ስልክ እንደማትዘጋ እሱም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ ምክንያቱን እነግረው ጀመር። ሰማይ የሚያዳምጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ እንደመጡ፣ ግጦሹ ላይ መሣሪያ እንደተከሉ፣ የነፍስ አባታችን ስልክ እንደገዘቱ፣ ረብሻው ግን ከሳተላይት ሆኖ እንደተገኘ። ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ሰማሁት። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ያምናል?

በአገራችን ሩቅ ላለ ልጅ የእናቱ ሞት በስልክ አይነገረውም። ነውር ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ በማለዳ ተከቦ መርዶውን ይሰማል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ይዋሻል። አሟት ነበር አሁን ተሽሏታል፣ ጠበል ሄዳለች፣ ስልኳ ተበላሽቷል ይባላል። አባታችን የሞተ ጊዜ ወንድሜ ቡሬ ነበር። ደውሎ አባባስ ሲለኝ፣ ጠበል ወርዷል፣ ጉሮሮውን ስላመመው ነው የማያናግርህ ያልኩት እኔ ነኝ። ሾላዋ ሥር ቆሜ፣ የለቅሶው ድምፅ ከታች እንዳይሰማው ስልኩን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ልክ ባሕር ዳር ሆኜ እንዳናገርኩት ባለ የተረጋጋ ድምፅ ነበር የነገርኩት። በማርያም ስምም ምዬለት ነበር።

ከወንድሜ ኋላ ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማኝ ነበር።

"እሺ፣ እታለም" አለ። "መቼ ነው ያረፈችው?"

ጮህኩበት። አልሞተችም፣ በሕይወት አለች፣ እውነቴን ነው አልኩት። በማርያም አልኩት፤ ስሟን እንደጠራሁ ለአባባ ጊዜም ጠርቼው እንደነበር ትዝ አለኝ። ግቢው ውስጥ የሚያልፉት መምህራን ቆመው ያዩኝ ጀመር።

"አንቺን አልቀየምሽም፤ ወጉ ነው" ብሎኝ ስልኩን ዘጋው።

መልሼ ስደውል ስልኩን ያዋሰው የአዲሱ እርሻ ካቦ አነሳው፤ ድምፁ ጎርነን ያለ፣ ትሁት ሰው። ልጁ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ እያለቀሰ ነው አለኝ። እናታችን አልሞተችም ብለህ ንገርልኝ አልኩት። እሺ እኅቴ፣ ገብቶኛል አለኝ። አልገባህም፣ በእውነት አልሞተችም አልኩት። እሱም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አይዞሽ፣ እኛም ወንድሞቹ ነን፣ አስቀምጠን እናጽናናዋለን አለኝ። ያን ያህል ደግ ሰው ጠልቼ አላውቅም።

በቆምኩበት ለዶክተሩ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ምን ብዬ እንደጮህኩባቸው ሁሉንም አላስታውሰውም። ሳይንሳችሁን ያቃጥለው ማለቴን አስታውሳለሁ። እሳቸውም እናት ነበረቻቸው መሰለኝ፣ መርዶ ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። "ሥራው አልቋል ብለሽ ለአባ ንገሪያቸው። ቃሌ ነው" አሉኝ።

በማግሥቱ ማለዳ አውቶቡስ ያዝኩ። ቡሬ ላይ ጎማ ፈነዳ። ጅጋ ስደርስ ወንዙ ሞልቶ ማንም አያሻግርም ተባልኩ፤ የሰው ቤት አድሬ ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሜ ዋልኩ። ከዚያ ማዶ ያለውን ኮረብታ አያለሁ። ድምፅ እንጂ ሰው አልነበረም መሻገር የሚያስፈልገው፤ ስልክ በእጄ አለ፣ ማዶ ያለው ግን ዝግ ነው። አንዴ ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ። እሑድ ረፋዱ ላይ ሦስት ጎልማሶች ክንድ ለክንድ አያይዘው አሻገሩኝ።

ኮረብታውን ስወጣ ሾላዋ ሥር አንድ ሰው ተቀምጦ አየሁ። እናቴ ናት። ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳለች። ስልኩ ጭኗ ላይ ነው፤ ዝግ ነው። ከግዝቱ ቀጥሎ ካለው እሑድ ጀምሮ አንዱንም ሳታስቀር በዚያች ሰዓት እየወጣች ስትቀመጥ እንደከረመች ጎረቤት ነገረኝ። ለምን እንደምትወጣ ሲጠይቋት፣ እሱ ሲደውል እኔ ቤት ተቀምጨ ልገኝ ወይ ትላቸዋለች አሉ።

አሁኑኑ ክፈቺው አልኳት፤ ምክንያቱን ገና አልነገርኳትም። አባ ፈቱት ወይ አለችኝ። ሥራው አልቋል፣ ዶክተሩ ብለዋል አልኳት።

"አንች አስተማሪ ነሽ ልጀ፤ ፈች አይዶለሽም" አለችኝ።

ልነጥቃት እጄን ዘረጋሁ፤ ጉያዋ ከተተችው። ስለዚህ ቁልቁል ሮጬ አባን ከቤታቸው አወጣሁ። በጭቃው ላይ በምርኩዝ እየተደገፉ ወጡ፤ ነገሩን በመንገድ ላይ አስረዳኋቸው። ሾላዋ ሥር ደርሰው ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ ሥራው አለቀ ብለዋል ወይ ብለው አንዴ ብቻ ጠየቁኝ። አለቀ ብለዋል አልኩ። ሁላችንንም ፈቱን።

እናቴ ስልኩን ከፈተች። ወንድሜ ወደ እኔ የደወለበትን ቁጥር መታሁላት፤ ከፊቷ ይዛ፣ እንደለመደችው በጩኸት፣ ልጀ አለች። የመለሰላት ካቦው ነው። ልጄን አቅርብልኝ አለችው። አንቺ ማን ነሽ አላት።

"እናቱ ነኝ" አለችው።

ሰውየው ማልቀስ ጀመረ። እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ አለ፤ መናገር አቅቶት እየቆመ፣ እየደጋገመ። ከዚያ የሆነውን ነገረን፤ ወንድሜ ራሱን ተላጭቶ ለቅሶ ተቀመጠ። የእርሻው ልጆች ሁሉ ሥራ ትተው አብረውት ተቀመጡ፤ ያዋጡትንም ሰጡት። ወደ አገርህ ግባና እርምህን አውጣ ቢሉት፣ ከእንግዲህ ማን አለኝ፣ እሷን ብዬ ነበር የምመለሰው አላቸው። ከትናንት ወዲያ ወደ ሱዳን ከሚሻገሩት ጋር ወደ ገዳሪፍ ሄደ። ስልክ የለውም።

እናቴ የሰማችው መጀመሪያ አልገባትም። ለእኔ ለቅሶ ተቀመጠ ነው የምትለኝ ብላ ጠየቀችው። አዎ እማማ አላት። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ ማውራት አልፈልግም። መተማ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ድንበሩ ላይ ለአላፊ አግዳሚው መልእክት ሰጥቻለሁ፤ እናትህ በሕይወት አለች በሉት እያልኩ። ይህን ስል የሰዎቹን ፊት አያለሁ፤ እሺ እኅቴ ይላሉ፣ ልክ እንደ ካቦው። ዶክተሩ ከስብሰባው ተመልሰው አንዴ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ። ክረምቱ መሀል ላይ የተቋረጠ ቅጂ ይዘው ቀርበው ብዙም አልተሰሙም። ሳተላይቶቹ ያው ያልፋሉ፤ እንዲያውም እየበዙ ነው አሉኝ። ስለ ወንድሜ ጠየቁኝ። እኔም ልቆጣቸው አስቤ የነበረው ሁሉ ጠፋብኝ፤ ሽሮ ጋብዤ ሸኘኋቸው። የሚፈልጉት መሣሪያ እኛ ጋ አልተተከለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮረብታው አናት ላይ የስልክ ምሰሶ ቆመ፤ አሁን መንደራችን ውስጥ ከየትም ይደወላል፣ ሾላዋ ሥር የሚወጣ የለም። አባ ምሰሶው ሳይቆም ዐረፉ። ከዚያች እሑድ በኋላ እናቴን ባዩ ቁጥር ቀድመው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጉላት ነበር።

ከዚያች እሑድ ወዲህ እናቴ ስልኳን ዘግታው አታውቅም። ሌሊትም፣ ቅዳሴም ላይ ቢሆን ክፍት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲጮህ ሰዉ ዘወር ብሎ እሷ መሆኗን ሲያይ ዝም ይላል።

ባለፈው የጾሙ ፍች ሰሞን አንድ ሰው ቤታችን መጣ። ከደምበጫ ወዲህ ያለ አገር ልጅ ነው፤ ገዳሪፍ ብዙ ዘመን ኖሮ መመለሱ ነው። የቀበሌያችንን ስም ሰምቶ ነበርና ሲያጠያይቅ እኛ ጋ ደረሰ። እዚያ አንድ ጎጃሜ ያውቃል። የግራ ጆሮው ጫፍ በልጅነቱ በበሬ ቀንድ የተሰነጠቀ ነው አለ፤ እኔም እናቴም ተያየን። ያ ጎጃሜ ስልክ አይዝም፣ ወደ አገሩ ማንንም አይጠይቅም። ግን በየዓመቱ ሐምሌ ሲጋመስ በዚያ ያለውን ሐበሻ ሁሉ ሰብስቦ የእናቱን ተዝካር ያወጣል። እንግዳው ይህን ሲል አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ማን እንደሆነች ገና አላወቀም ነበር። ነገርኩት። የያዘውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠ።

እናቴ ታለቅሳለች ብዬ ልደግፋት ተነሳሁ። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ሰውየው ዞር አለችና፣

"ምን አበላቸው?" አለችው።